ሁለተኛ የውሃ ሞተር እንግዛ ወይስ አንግዛ? ከአቃቂ ወንዝ ዳር የተነሳ ጥያቄና 23 ምላሾቹ

የጽሑፍ ውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ወሬ አላበዛም፤ ቁጥሩን ደርድሮ ነው የጠየቀው። ከአቃቂ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ትልቁ አቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ 21 ቤተሰብ ተደራጅቶ በአንድ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር 6 ሄክታር ያለማል። የሚዘሩት ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ነው፤ ጥቂት ቀይ ሽንኩርትም አላቸው። ከጥር ጀምሮ ውሃው ይሸሻል፣ ሞተሩ ሲያጓራ ውሎ ግማሹን መሬት እንኳ አያዳርስም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ያው ወንዝ 380 ሜትር በሚሆነው ዳርቻቸው ገብቶ በየዓመቱ አንድ ሁለት ትልም ቆርሶ ይሄዳል። ከላይ በኩል ኮንዶሚኒየሙም መንገዱም እየተጠጋ ነው። በሣጥናቸው 240 ሺህ ብር አለ። ሁለተኛ ሞተር ይግዙበት ወይስ ሌላ ነገር ላይ ያውሉት? ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት እንዳለውና ከበጋው ውሃ 6 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ አፋፉ ላይ እንደተቀመጠም በመጨረሻ ጨመረ። ክሩን ያዳነው ይህች የመጨረሻ መስመር ናት።

1ኛው ምላሽ በሰላምታና በምርቃት ተጀምሮ ግዙ በሚል አለቀ። ውሃ ካነሰ የሚያነሳውን መጨመር ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፤ መለዋወጫም እንዳይቸግር ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ የሚል ነበር። ስለ መለዋወጫው ያለው ትክክል ነው።

2ኛው በትሕትና ካመሰገነ በኋላ ሒሳብ አወጣ። በበጋ አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ይህም በሄክታር 50 ሜትር ኩብ ነው። በቦይ ሲጠጣ ከተቀዳው ሥሩ ጋ የሚደርሰው ቢበዛ 60 በመቶ ስለሆነ መቀዳት ያለበት 83 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ ለ6ቱ ሄክታር 500። ደህና የሚሠራ ባለ 3 ኢንች ሞተር እዚህ ቦታ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ቢያወጣ በቀን 17 ሰዓት መሥራት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ እሱም ወደ መግዛቱ አዘነበለ፣ ካልሆነ ደግሞ መሬቱን ወደ 4 ሄክታር ማውረድ።

3ኛው ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ሁለቱም የሞተሩን ብዛት ሲቆጥሩ የተቀመጠበትን ቦታ አላዩም አለ። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤ ከመሳቢያው ቱቦ አየሩን ያስወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው የውጭው አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። አቃቂ ግን 2,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በወረቀት ላይ እንኳ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍ። ከዚያ ላይ የቱቦው ሰበቃ፣ የፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው መዝጊያ) ወንፊትና ፓምፑ ራሱ ውሃው እንዳይፈላበት የሚፈልገው ትርፍ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 5 ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ 8 ሜትር ይስባል ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ዳር ነዋሪ ነው አለና፣ ከተማዋን ማለቱ እንዳልሆነ፣ እሷማ ራሷ 1,800 ሜትር ላይ እንደተቀመጠች በቅንፍ ጨመረ።

በ6 ሜትር ተኩል ላይ ሞተሩ ጨርሶ አይቆምም፣ ችግሩም እሱ ነው። ውሃው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ በግፊት ማነስ ሳይሞቅ ይፈላል፣ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ያሰማል፣ ቀስ በቀስም የኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ክንፍ ይበላዋል። መሬቱ ግማሹ የማይዳረሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ሞተር ገዝቶ እዚያው አጠገቡ ማስቀመጥ ጠጠር የሚፈጩ ሁለት ሞተሮች ማሰማራት ነው። መፍትሔው ሞተሩን ከውሃው 3 ሜትር ተኩል ወደሚርቅ ደረጃ ማውረድ ነው። መግፋት ለፓምፑ ቀላል ነው፤ ባለ 3 ኢንቹ ከ20 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። ሞተሩም በስስ አየር ጉልበቱን በአምስት አንድ ገደማ ስለሚያጣ 6.5 የተባለው እዚህ 5 ነው። ጥቁር ጭስ ካወጣም ቤንዚኑ በዝቶበት እንጂ አንሶት ስላልሆነ ካርቡሬተሩን የሚያውቅ ሰው ይየው።

4ኛው ይህን አጽድቆ ማስጠንቀቂያ ጨመረበት። ደረጃ ቆፍረው ሞተሩን በአራት ብሎን ከሲሚንቶ ጋር ያሰሩ የሌላ ቦታ ገበሬዎች ሐምሌ ላይ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ሞተሩን አፈር አልብሶት አደረ። ከተማው ጣሪያና አስፋልት ሲለብስ ጎርፍ የሚደርስበት ሰዓት አጥሯል፤ እንጦጦ ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ አቃቂ የሚደርሰው ሰው እራት በልቶ ሳይተኛ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከማገር እንጨት በተሠራ ሸርተቴ ላይ ተቀምጦ በገመድ ይወረድ፣ ማታ ማታ ይሳብ። ደረጃውም ወንዙ በሚታጠፍበት በውስጠኛው በኩል ይቆፈር፤ ውጨኛው ሁልጊዜ የሚቦረቦረው ነው። ፉት ቫልቩን ደለል ላይ አታስተኙት፣ ጎኑ በተበሳ በርሜል ውስጥ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ዙሪያውን ጠጠር ሙሉበት። በመሳቢያው መገጣጠሚያ የሚገባ አየር ውሃ አያንጠባጥብም፣ ስለዚህ አይታይም። ከመውጫው የሚመጣው ውሃ እንደ ወተት ነጣ ካለ አየር እየገባ ነው፤ ክላምፑን ማጥበቅ፣ ካልሆነ ቱቦውን መቁረጥና እንደገና ማስገባት ነው።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር። 5ኛው በነዳጅ መጣ። 17 ሰዓት የሚሠራ ሞተር በሰዓት 1.7 ሊትር ቢጠጣ በቀን 29 ሊትር ነው፤ ማደያ ደግሞ ያለ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ በጀሪካን አይቀዳም። ደብዳቤው የሞተሩ ቁጥርና የሊትሩ መጠን ካልተጻፈበት ቀጂው እንደሚመልሰው አስታወሰ። 6ኛው ወዲያው ሶላር አለ። 30 ሜትር ኩብ በሰዓት ወደ 8 ሜትር ለማንሳት ውሃው ራሱ የሚፈልገው ጉልበት 650 ዋት ገደማ ነው፤ ከፓምፑ ብክነት ጋር ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ፓነል ይበቃል። ፀሐይ በደንብ በምትወጣባቸው አምስት ተኩል ሰዓታት 165 ሜትር ኩብ ይሰጣል፣ ይህም 2 ሄክታር ነው። ሌብነቱንም አስቦበታል። ፓነሎቹ በአህያ ጋሪ ላይ በብረት ፍሬም ይታሰሩ፣ ጠዋት ወርደው ማታ ግቢ ይግቡ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ብቻ ዳመና በሚበዛበት የበልግ ወር ምን እንደሚሆን አላነሳም።

7ኛው የጠብታ መስኖ አቀረበ፣ 8ኛው ሳቀበት። የአቃቂን ውሃ በብርጭቆ ቀድተህ ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው፣ ከሥሩ ምን እንደሚቀር እየውና ከዚያ ስለ ጠብታ አውራ የሚል ይዘት ነበረው። ቀዳዳዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚያንሱ የአሸዋና የዲስክ ማጣሪያ ሳይኖር በሳምንት ይደፈናሉ፤ ማጣሪያው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መታጠብ ይፈልጋል። እውነቱን ነው፣ ግን አነጋገሩ የክሩን ሙቀት ከፍ አደረገው።

ከዚያ 9ኛው ገባ። አንቱታውን ትቶ በአንተ ነው የጀመረው። ስምንት ሰው ስለ ማንሳት ሲጽፍ የሚነሳው ውሃ ምን እንደሆነ አንድም ሰው አለመጠየቁ አሳፍሮታል። በዚህ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም አለ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ፣ የጋራዥ ዘይት አለ፤ በእሱ የለማ ሰላጣ ጥሬውን ሕፃናት ይበሉታል። ሁለተኛ ሞተር ማለት ሁለት እጥፍ ማከፋፈል ነው። 10ኛው በቁጣ መለሰ። ፍሳሹን የለቀቀው ገበሬው አይደለም፣ ከተማው የራሱን ቆሻሻ ወደ ታች ልኮ አምራቹን ይከስሳል፣ የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቶ ስንቱ ቤት ነው ከመስመሩ ጋር የተገናኘው፣ 21 ቤተሰብስ እስኪገናኝ ድረስ ምን ይብላ? የዚህ ሁለት ሰው ጭቅጭቅ ብዙ ይረዝማል፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ስለሆነ የሚያሸንፍ አልነበረም።

ያረጋጋቸው 11ኛው ነው፤ ሁለት የተለያዩ መርዞችን አንድ አድርጋችሁ ትጣላላችሁ አላቸው። የመጀመሪያው ጀርምና የወስፋት እንቁላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚሆን ውሃ በሊትር ከአንድ የትል እንቁላል፣ በ100 ሚሊ ሊትርም ከ1,000 የሰገራ ባክቴሪያ እንዳይበልጥ ይላል። ይህንን ገበሬው ራሱ መቀነስ ይችላል። ለሰላጣ ብቻ የሚሆን ውሃ በሦስት ጉድጓድ ይዙር፤ አንዱ ሲሞላ ሁለተኛው ይዘቅጣል፣ ከሦስተኛው ማሳው ይጠጣል። እንቁላሉ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ መቅጃው ተንሳፋፊ ይሁንና ከታች 30 ሴንቲ ሜትር አይነካ። ለአንድ ሄክታር እያንዳንዱ ጉድጓድ 8 በ8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.6 ሜትር ቢሆን ከማይነካው 30 ሴንቲ ሜትር በላይ የቀኑን 83 ሜትር ኩብ ይይዛል። ውሃው በቦይ ይሂድ፣ ቅጠሉ ላይ በባልዲ አይረጭ። ከመታጨዱ ጥቂት ቀን በፊት ውሃ ይቋረጥለት፤ ፀሐይና ድርቀት ጀርሙን ይገድሉታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጭዶ እዚያው ወንዝ ውስጥ እየነከሩ ማጠብ ይቅር! ነጋዴው ጭቃ የሌለበት ቅጠል ስለሚፈልግ ነው የሚታጠበው፤ የሁለት ወር ጥንቃቄ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል።

ሁለተኛው መርዝ ብረቱ ነው፣ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየም። ጉድጓዱ ከደለሉ ጋር የተጣበቀውን ያስቀራል፣ የሟሟውን ግን አያስቀርም፣ ማጠብም አይጠቅምም፤ ውስጡ ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱ የሰብል ምርጫ ነው። ቅጠል ይበልጥ ይሰበስባል፤ ፍሬና ጥራጥሬ ያነሰ።

12ኛው ኖራ በትኑ አለ። 13ኛው አረመው። ኖራ ለሆለታና ለምዕራቡ አሲዳማ ቀይ አፈር ነው፤ የአቃቂ ጥቁር አፈር ገለልተኛ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ስለሆነ ካድሚየሙን በራሱ አጥብቆ ይይዛል፣ ኖራ ቢበተንበት ትርፉ ተክሉ ለማደግ የሚፈልገውን ዚንክና ብረት ማሳጣት ነው። ስለ ጉድጓዶቹም አንድ ነገር ጨመረ፤ መረሬ፣ ማለትም ይኸው ጥቁር አፈር፣ ውሃ ይይዛል፣ ከደረቀ ግን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ አንዴ ከተሞላ በኋላ ባዶውን አይክረም።

14ኛው ከርዕሱ ወጥቶ አባ ሳሙኤልን አነሳ። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ያ አንጋፋ ኃይል ማመንጫ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት ቆሞ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ሥራ የጀመረ መሆኑን፣ ሐይቁ ግን በደለልና በእንቦጭ መያዙን ጻፈ። እንቦጩን ለከብት ብንሰጠውስ ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ውሃው የያዘውን ብረት እንቦጭም እንደሚሰበስብ የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል አይፈረድበትም።

እኔ በበኩሌ የጥያቄው መልስ 15ኛው ላይ ነው እላለሁ። ይህ ሰው ወይም ይህች ሴት (ከአጻጻፉ አይታወቅም) ገቢያችሁን ሳይሆን ገቢያችሁ የሚወድቅበትን ምክንያት ቁጠሩ አለ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሽንኩርት አራት ዓይነት ይመስላል፤ ወንዙ ሲሸሽ ግን አራቱም አብረው ይጠማሉ፣ ሲሞላ አብረው ይሰምጣሉ፣ ስለ ውሃው መጥፎ ወሬ ሲወራ አብረው አይሸጡም። ይህ አንድ ሰብል ነው። ስለዚህ በጥር ሞተር የማይፈልግ ነገር ይግባ፣ ለምሳሌ ሽምብራ። ጎርፉ መስከረም ላይ ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። በታችኛው 2 ሄክታር ላይ እንደ አረርቲ ያለ ነጭ ሽምብራ በመስመር፣ በመስመሮች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር፤ ለሄክታር 120 ኪሎ ገደማ ዘር። ውሃ የሚያቁር ከሆነ በሬ በሚጎትተው የሰፊ መደብ ማውጫ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ይውጣለት። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ አጠውላጊ በሽታ ይጨርሰዋል። አበባ ላይ ሲደርስ ጠዋት ጠዋት እየዞሩ ቅጠሉን ማየት ነው፤ ፍሬውን የሚበሳው ትል ትንሽ ሳለ ካልተያዘ እሸቱ ውስጥ ገብቶ መድኃኒት አይነካውም።

ለአዲስ አበባ ዳር ገበሬ ሽምብራ ሁለት ገበያ እንዳለው ያነሳውም እሱ ነው። እህሉን ብቻ ማሰብ የለበትም፤ ከኅዳር ጀምሮ በአስፋልቱ ዳር ከነግንዱ ታስሮ የሚሸጠው እሸት አለ። ጎህ ሳይቀድ የሚነቀል፣ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሰው ወደ ሥራ ሲገባ የሚደርስ፤ እኩለ ቀን ካለፈ ቅጠሉ ይጠወልግና ዋጋው ይወርዳል። ከሩቅ የሚመጣ እሸት ይህን ሰዓት አያገኘውም። ሰብሉን ሁሉ በእሸት አትጨርሱ፣ አንድ ሦስተኛውን ብቻ፣ የቀረው ለእህልና ለዘር ይሁን ብሎ ጨረሰ።

16ኛው ይህንኑ አጠናክሮ፣ ከሰላጣ ወደ ሽንኩርት ብቻ ጠቅልለው የዞሩ ሰዎችን ምሳሌ አመጣ። እነዚያ ሰዎች ውሃ ቆጥበው፣ ችግኙን ለ50 ቀን አሳድገው፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተክለው ጥሩ ምርት አገኙ። ያጨዱት ግን የመቂና የዝዋይ ሽንኩርት በአይሱዙ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በሚራገፍበት ሳምንት ነበር። ደላላው ከመኪና ሳይወርድ ዋጋ ሰበረባቸው። ሽንኩርቱ አንገቱ በደንብ ስላልደረቀ ሊያቆዩትም አልቻሉም። ቅጠሉ ግማሹ ሲወድቅ ውሃ ማቆም፣ ነቅሎ ጥላ ላይ ሳምንት ከዚያም በላይ ማድረቅ፣ አየር በሚያገኝ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው አለ።

17ኛው ላም ግዙ አለ። የፈረንጅ ዲቃላ፣ በቀን 10 ሊትር፣ ወተት ለከተማ ቅርብ፣ ፍግ ለማሳ። ከገለባው በላይ ለየ2 ሊትር ተኩሉ ወተት አንድ ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ ድብልቅ፣ ውሃ በቀን እስከ 80 ሊትር። 18ኛው በቀስታ አወረደው። አንደኛ፣ 240 ሺህ ብር ለ21 ቤተሰብ ስንት ላም ነው? ሁለተኛ፣ ጾሙን ረስተሃል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ላሟ ግን በሁዳዴም ትታለባለች። ላም ያለው ሰው የሚያዋጣው ወሊዱን ከፋሲካ በኋላ ሲያደርገው ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ይውላል፤ እርግዝናው 280 ቀን ገደማ ስለሆነ ሐምሌ አጋማሽ የተዳቀለች ላም ሚያዝያ 20 አካባቢ ትወልዳለች። በጾም ያለውን ወተት ቅቤ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ይሄዳል። እግረ መንገዱንም ስለ ፋጉሎ ተናገረ። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ሻግቶ አፍላቶክሲን ያመጣል፣ እሱም በወተቱ ያልፋል፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ፣ አንድ ወር ከሚበላው በላይ አይገዛ።

19ኛው ከዚህ ተነስቶ ክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩትን ነገር አለ። ላሟን ሌላው ይግዛ፣ እናንተ ሣሩን ሽጡላት፤ ላም ጾም አታውቅም። ሰው ወተት ባይጠጣም እሷ ጠዋት ማታ ትበላለች፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ዙሪያ ደግሞ ላም ያለው ግጦሽ የሌለው ሞልቷል። የሚቦረቦረው 380 ሜትር ዳርቻ 5 ሜትር ስፋት ይለቀቅለት። ከጫፉ ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘው ቬቲቨር ሣር፣ ቁርጡ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ለአንድ መስመር ከ2,500 የማያንስ፤ ከኋላው ዝሆኔ ሣር፣ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ጋደም ተደርጎ ሁለቱ አንጓ የሚቀበር። ሁለቱም ሰኔ ላይ ይተከሉ እንጂ ነሐሴ አይጠበቅ፤ ጎርፉ ሲመጣ ሥር ይዘው መገኘት አለባቸው። ዝሆኔው አንድ ሜትር ሲሆን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይታጨዳል፤ እያረጀ ከሄደ ግንዱ ይጠነክርና ላሟ ቅጠሉን መርጣ ግንዱን ትተዋለች። 9ኛው እንደገና ብቅ ብሎ፣ አሁን ለስለስ ብሎ፣ ሣሩም ብረቱን እንደሚወስድ አስታወሰ። 19ኛው አልካደም። ካድሚየም ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ሆኖ በጉበትና በኩላሊት ነው የሚከማች፤ ስለዚህ ሣሩ ለወተት ላም ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ እንጂ ብቻውን አይሰጥ፣ ጎርፍ ጭቃ የቀባው ሣርም ለሽያጭ አይታጨድ አለ።

20ኛው ተስፋ ቆራጭ ነበር። ነገ ለልማት በሚወሰድ መሬት ላይ ሣር መትከል ምን ዋጋ አለው፣ ካሳውም የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነው የሚል። 21ኛው ሕጉን አስተካከለ። በ10 የሚያባዛው የቀድሞው አዋጅ 455/1997 ነው። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የገጠር መሬቱ ለዘለቄታው ለሚወሰድበትና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሳው ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ከሦስቱ ከፍተኛው የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ላልያዘ ሰው ግን ከፍተኛው ዓመት የትኛው እንደሆነ የሚናገርለት የለም። ደብተሩ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ ማሳ፣ ሰብል፣ ኪሎ ወይም እስር፣ የተሸጠበት ብር። በየወሩ መጨረሻ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይፈርምበት። ደላላው በቁሙ መደብ ሲገዛም ቁራጭ ወረቀት ያስፈርሙት። በእኩል የሚያርሱ አባላት ካሉ ውላቸውን ወረዳ ያስመዝግቡ።

በ22ኛው ላይ ከፋቹ ተመለሰ። ሞተር አይገዙም። ሸርተቴና ደረጃ፣ አዲስ ፉት ቫልቭና የመግፊያ ቱቦ ይገዛሉ፤ 2 ሄክታሩ ወደ ሽምብራ ይዞራል፣ ዳርቻው ወደ ሣር። ሰላጣው 1 ሄክታር ብቻ ይቀራል፣ እሱም በሦስቱ ጉድጓድ። የቀረው ገንዘብ ግማሹ በሣጥን ይቆያል፣ ግማሹ ለሶላሩ ይጠራቀማል። ከአባላቱ አምስቱ ግን ቆስጣቸውን አንተውም ብለዋል፤ በሳምንት ሁለቴ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባላቸው ሌላ የለም። ለ9ኛውም ሆነ ለ10ኛው ቂም አልያዘም፣ ሁለቱንም አንቱ ብሎ አመሰገነ።

23ኛው የ4ኛው ጸሐፊ ነው። ሞተሩ 3 ሜትር ሲወርድ የመግፊያው ቱቦ በዚያው ልክ እንደሚረዝም፣ ስለዚህ ጨርቁን ቱቦ ከአፋፉ ጠርዝ ላይ እንዳያጥፉት፣ የታጠፈበት ቦታ በሳምንት ስለሚቀደድ እዚያ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ክርን (የታጠፈ የቱቦ ማያያዣ) እንዲያስገቡ ነገረው። ፉት ቫልቩ የነሐስ ነው ወይስ የፕላስቲክ ብሎም ጠየቀ፤ የፕላስቲኩ ምላስ አሸዋ ከያዘው ስለማይዘጋ ጠዋት ጠዋት እንደገና ውሃ መሙላት አለ። ከፋቹ እስካሁን አልመለሰለትም።